«ባዶ ክፍል» የሚለው ካሴት

ጥቅምት 9

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነች፤ ዛሬም ከልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ የሚያስነሳት የለም። ስልክ ሲደውሉ እሷ ቀድማ ታነሳለች፤ «ደህና ነህ? ደህና ነኝ፤ እጅህ እንዴት ነው? ደህና ነው» ተባብላችሁ ለእኔ ሲደርስ መስመሩ ይቋረጣል። ስለዚህ በወረቀት ልሞክር ብዬ ነው።

ጡሩምባ ነኝ። ስታለቅስ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል ብለው ይህን ስም ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት አሉ። ከሀገር ሲወጡ አምስት ዓመቴ ነበር። አሁን ሠላሳ ሞልቶኛል፤ ድምፄም ቀንሷል።

የምሠራው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃና የማያልቅ የጀሶ ብናኝ። አሠሪዬን «ባለጥርሱ» እንለዋለን፤ የራሱ የፊት ጥርስ ግን ከወለቀ ዓመት አልፎታል፣ ለራሱ የሚሠራበት ጊዜ አጥቶ። ባለፈው ማክሰኞ ከቤቱ አሮጌ ቴፕ ይዞ መጣና አንድ ካሴት አስገባ። እኔ የአንዲት ሴትዮ መንጋጋ በሰም እየቀረጽኩ ነበር። ጊታር ብቻ ነው። ዘፈን የለው፣ ከበሮ የለው። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን እጄ ቆመ። ወፍራሙ ክር ከታች፣ ሸክም የያዘ ሰው ደረጃ እንደሚወጣው፣ ቀስ እያለ ይረግጣል። ቀጫጭኖቹ ክሮች ደግሞ ከላይ፣ ያንኑ ደረጃ ሁለት ሁለት እየዘለሉ እንደሚወርዱ ልጆች ይንጫጫሉ። ይተላለፋሉ እንጂ አይጋጩም። ሰሙ እጄ ላይ ደረቀ።

«ማን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ማን ናቸው በይ እንጂ» አለኝ ባለጥርሱ። «ሁለት ናቸው። አንዱ ወፍራሙን፣ አንዱ ቀጭኑን።»

የካሴቱን ሽፋን አንስቼ ባየው እርስዎ ነዎት! ፀጉር ሞልቶ፣ አንገት ቀጥኖ። አጎቴ ነው ስለው በሳቅ ሞተ። በመጨረሻ ተወራረድን፤ ሁለት ከሆናችሁ እኔ ለአንድ ወር ምድጃውን አጸዳለሁ፤ ብቻዎን ከሆኑ እሱ የወለቀ ጥርሱን ይተካል።

ይህን ካሴት ልጅ ሳለሁ ቤታችን ሲሰማ ትዝ ይለኛል፤ ዘፋኝ የለውም ብዬ እጠላው ነበር። የእኛው ከቤት ከጠፋ ግን ቆየ። እማዬን ብጠይቃት «እኔ እንጃ» ብላ መርፌዋ ላይ ክር ማስገባት ጀመረች።

እባክዎ ይንገሩኝ፤ አንድ ነዎት ወይስ ሁለት?

አክባሪዎ፣
ጡሩምባ


ኅዳር 14

ለውዷ ጡሩምባዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እናትሽን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ደብዳቤሽ በአሥራ ሁለት ቀን ደርሶኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ያባከንኩት እኔ ነኝ። «እርስዎ» ስትይኝ ከኋላዬ ሽማግሌ የቆመ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ። አንተ በይኝ።

አንድ ነኝ። ባለጥርሱ ጥርሱን ይተካ።

ካሴቱ የተቀዳው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፣ ተማሪ እረፍት በወጣበት ወር። ድምፅ እንዳያፍኑ ብለን ወንበሮቹን አውጥተን ኮሪደር ላይ ደረደርናቸው። «ባዶ ክፍል» የተባለው ለዚሁ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ድምፅ ቀጂው የነበረው አንድ ማይክሮፎንና አንድ መቅጃ ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰው ልሁን ብልም አልችልም። ሰባቱን ዜማ በሁለት ቀን ጨረስን። በሩ ሲጢጥ ስለሚል እናትሽ አጠገቡ ተቀምጣ በእግሯ ደግፋው ነበር፤ አንቺ ጀርባዋ ላይ ተኝተሻል። እንዳትነቂ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነው የቀዳነው።

እኔ ደህና ነኝ። በአዘቦት ቀን ሌላ ሥራ አለኝ፤ ቅዳሜና እሁድ እጫወታለሁ። ቦታዎቹ ትንንሽ ናቸው።

ያን ካሴት ብዙ አትስሚው። የልጅ ሥራ ነው። ኋላ ከባንዱ ጋር የቀዳናቸው ይሻላሉ።

አጎትሽ


ኅዳር 28

ለአጎቴ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ሥራ ቦታ ነበርኩ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «አንድ ነኝ» ከሚለው ላይ ስደርስ ባለጥርሱ ወረቀቱን ነጥቆኝ ራሱ አነበበ። ከዚያ መስታወት ፊት ቆሞ አፉን ከፈተ። ሥራውን ትናንት ጀምሯል። ለራሱ ሲሆን ልኩን ሦስት ጊዜ ወሰደ።

አንተ ማለት አፌ ላይ ከብዶኝ ነበር፤ እነሆ ለመድኩ።

አሁን ልከራከርህ ነው። የባንዱን ካሴቶች አውቃቸዋለሁ፣ መኪና ሁሉ ውስጥ ይሰማሉ። ቆንጆ ናቸው። ግን እዚያ ውስጥ አንተ ለሌሎቹ ቦታ እየለቀቅክ ትጫወታለህ፤ በ«ባዶ ክፍል» ውስጥ ቦታ የምትለቅለት ሰው የለም። ስለዚህ ዝም ስትል ዝምታው የእውነት ዝምታ ነው። በሁለተኛው ዜማ መሀል አንድ ጊዜ ታቆማለህ። ባለጥርሱ መጀመሪያ የሰማው ቀን ቴፑ ተበላሸ ብሎ ተነስቶ ነበር። አራት ድረስ ቆጠርኩ፤ ከዚያ አንዲት ክር ብቻ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ትመለሳለች። እዚያ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ሥራዬን አስቀምጣለሁ።

ሦስተኛው፣ «ልኬት» የሚለው፣ የእማዬ የስፌት መኪና ነው አይደል? ለማንም አልነገርኩም። ፔዳሉን ስትረግጥ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ጨርቁን ልታዞር ስትል ቀዝቀዝ ይላል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ በእጇ መዘውሩን ታዞርና እንደገና ትረግጣለች። ዕድሜ ልኬን በዚያ ድምፅ ነው የተኛሁት፤ እንዴት ይጠፋኛል።

ባለፈው ዓመት ከእጮኛዬ ተለያይቻለሁ፤ እማዬ ነግራህ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ቤት ስገባ እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እበላለሁ፣ ብዙ አንነጋገርም። ካሴቱን ካገኘሁት ወዲህ ግን ቤት የምገባበትን ሰዓት መጥላት ትቻለሁ። ይህንን እንድታውቅልኝ ብዬ ነው።

የባለጥርሱን ካሴት ገልብጬ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ልኬልሃለሁ፤ አንተ ዘንድ ያለ አልመሰለኝም። በለውጡ አንድ ነገር እለምንሃለሁ፤ አሁን የምትጫወተውን ትንሽ ቀድተህ ላክልኝ። በስልክም ይሁን፣ አንድ ደቂቃም ይሁን።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። «እጁ እንዴት ነው በይልኝ» ብላለች።

ጡሩምባህ


ጥር 6

ለጡሩምባዬ፣

በጤናሽ እንደምን አለሽ? የእጮኛሽን ነገር አልሰማሁም ነበር። እናትሽ አልነገረችኝም። አይዞሽ፤ እኔ ለምክር የምሆን ሰው አይደለሁም።

ካሴቱ ደርሷል። ማጫወቻ ስለሌለኝ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

አዎ፣ መኪናዋ ነው። እስከ ዛሬ የለየው ሰው የለም።

የቀረጻው ነገር ለጊዜው አይመችም። ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ያማርራል። ጊታሩም ጥገና ይፈልጋል። ወደፊት እናያለን።

እጄ ደህና ነው በያት።

አጎትሽ


ጥር 22

ለአጎቴ፣

እንዴት ሰነበትክ? አንድ የምሥራች አለኝ፤ ተቀምጠህ አንብበው።

የሬዲዮ አቅራቢ የሆነ ደንበኛ አለን። የላይኛው ጥርሱ እየላላ «ስ» ባለ ቁጥር እያፏጨ አድማጭ ስለሳቀበት ሊያስተካክል መጣ። ቴፑ ክፍት ነበር። ለጥርሱ ልክ አፉ በጀሶ ተሞልቶ መናገር ስላልቻለ በእጁ ወደ ቴፑ እየጠቆመ ይወራጫል፤ የታፈነ መስሎን ደንግጠን ነበር። ጀሶው ሲወጣ መጀመሪያ ያለው «ይሄንን ካሴት ሃያ ዓመት ፈለግሁት!» ነው። «ካሴት» ሲል አፏጨ።

ባለጥርሱ ደግሞ፣ አዲሱን ጥርሱን እያሳየ፣ «አጎቷ እኮ ነው!» አለው፤ እሱ ራሱ ያሳደገህ ይመስል።

በአጭሩ፣ የአንድ ሰዓት ዝግጅት ሊሠራልህ ነው። ስለዚህ ካሴት ብቻ። ሰባቱንም ዜማ ያሰማል። አንተን ደግሞ በስልክ ያገኝህና ትንሽ ታወራለህ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ዜማ መግቢያውን ብቻ በቀጥታ ትጫወታለህ። ሠላሳ ዓመት አልፎ ያው እጅ፣ ያው ዜማ! እኔም ስለ ካሴቱ እንድናገር ጠይቆኛል። ጥርስ ሠሪ ስለ ጊታር ምን አገባት ስለው፣ «ስትሰሚ አይቻለሁ፤ ይበቃል» አለኝ።

ቀኑን አንተ ትመርጣለህ። እሺ በለኝ።

ጡሩምባህ


መጋቢት 11

ለአጎቴ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን።

ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ስልክ ደወልኩ፣ አይነሳም። እማዬ ግን «ደህና ነው» ትላለች፤ በምን እንዳወቀች አትነግረኝም።

የሬዲዮው ሰውዬ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠየቀኝ። ጥርሱ አልቆ ከወሰደ ቆይቷል፣ የሚመጣው ለአንተ ነው። «እያሰበበት ነው» እያልኩ ሸኘሁት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የምለው የለኝም።

አስቀይሜህ ከሆነ ንገረኝ። ካሴቱን አትስሚው ብለኸኝ ስለሰማሁት ይሆን? ቀድተህ ላክልኝ ብዬ ስለነዘነዝኩህ ይሆን? እኔ ጊታር አላውቅም። የማውቀው ሰው ያላየውን ቀዳዳ በምላሱ እንደሚያገኘው ነው፤ ሥራዬ ይህን አስተምሮኛል። ከደብዳቤዎችህም ውስጥ የሆነ ነገር ጎድሏል። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

መልስህን ባልወደውም ጻፍልኝ። ባዶ ፖስታም ይሁን።

ጡሩምባ


ሚያዝያ 17

ለጡሩምባዬ፣

ሰላም ላንቺና ለእናትሽ። አላስቀየምሽኝም። ተቀምጬ ስጀምር ስተው ቆይቼ ነው።

ከዚህ በፊት የጻፍኩልሽ ግማሹ ውሸት ነው። ቅዳሜና እሁድ አልጫወትም። የትም አልጫወትም። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።

አንድ ልምምድ ላይ ነው የጀመረኝ። የግራ እጄ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ክሩን ሲነኩ ወደ መዳፌ መታጠፍ ጀመሩ። ምንም አያመኝም። ዝም ብለው ይሸሻሉ፣ ትኩስ ነገር እንደነካ እጅ። ደክሞኝ ነው ብዬ አረፍኩ፤ ባሰ። በቀን ስምንት ሰዓት ላለማምዳቸው ሞከርኩ፤ የበለጠ ባሰ። ሐኪሙ እጄን አገላብጦ አየ። ጨብጥ አለኝ፣ ጨበጥኩ። ዘርጋ አለኝ፣ ዘረጋሁ። «ጤነኛ እጅ ነው» አለ። ጊታር አምጡልኝና ላሳያችሁ አልኩ፤ ሆስፒታል ውስጥ ከየት ይምጣ። ኋላ አንዲት ሌላ ሐኪም ናት ያስረዳችኝ። ችግሩ ጣቶቼ ላይ አይደለም፤ አእምሮ ለጣት የሚሰጠው ትእዛዝ ነው የተበላሸው። አንድን ነገር ዕድሜ ልካቸውን እየደጋገሙ የሠሩ ሰዎችን ይይዛል፤ የሚይዘውም ያንኑ ነገር ሲሠሩ ብቻ ነው። አንዳንዱ ይሻለዋል አለችኝ፣ አንዳንዱ አይሻለውም። እኔን አልተሻለኝም።

ባንዱ ሌላ ሰው አመጣ። ጎበዝ ነው።

አሁን የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ ግዙፍ መተኮሻ ማሽን አለ። የእርጥቡን አንሶላ አንድ ጫፍ እኔ፣ ሌላውን ጫፍ የሥራ ጓደኛዬ ይዘን እናጎርሰዋለን። በቀን ስምንት መቶ አንሶላ። እነዚያው ሁለት ጣቶች የአንሶላውን ጠርዝ ይይዛሉ፣ ይወጥራሉ፣ አንድም ቀን እምቢ ብለውኝ አያውቁም። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ። ሥራ ስጨርስ ክፍሌ እገባለሁ። ጊታሩ ከነሳጥኑ ከበሩ ኋላ ቆሟል፣ ተቀመጥ ያልተባለ እንግዳ መስሎ። ልሸጠው አልቻልኩም፤ ልከፍተውም አልቻልኩም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወጣሁት፣ ለእናትሽ ፎቶ ልልክላት።

ካሴትሽን ሰምቼዋለሁ። የሥራ ጓደኛዬን በልቤ «ረጅሙ» እለዋለሁ፤ ስሙን በትክክል መጥራት አልችልም፣ እሱም የእኔን አይችልም። የምንግባባበት ሃምሳ ቃል ቢኖር ነው። መስኮቴ ላይ የነበረውን ካሴት አንድ ቀን ኪሴ ከትቼ ሄድኩና አሳየሁት፤ በማግስቱ ከቤቱ ማጫወቻ ይዞ መጣ። በምሳ ሰዓት ንጹሕ አንሶላ የሚደረደርበት ክፍል ገባን። እስከ ጣሪያ ድረስ አንሶላ ነው፤ ድምፅ የሚባል አይገባም። ወለሉ ላይ ተቀምጠን ከፈትነው።

ምን እንደፈራሁ ልንገርሽ። እቀናለሁ ብዬ ነበር የፈራሁት፤ በዚያ ልጅ ላይ። ሁሉን ነገር በእጁ ይዞ ምንም ሳያውቅ የሚጫወተው ልጅ ላይ። የመጀመሪያው ዜማ ሲጀምር እውነትም ቀናሁ። ይሮጣል፣ ያሳያል፣ «እዩኝ» ይላል። ረጅሙ ሁለት ጣቱን አነሳልኝ፤ ሁለት ሰዎች ናቸው ማለቱ ነው። እኔ አንድ ጣት አነሳሁ። ራሱን ነቀነቀ። አንድ አልኩና ደረቴን ነካሁ። ሳቀ። ከዚያ የካሴቱን ሽፋን አየ፣ ፊቴን አየ፣ እጆቼን አየ፤ ሳቁን ዋጠው።

«ልኬት» ላይ ስንደርስ መቅናቴን ረሳሁ። አንቺ እንዳልሽው ነው፤ እናትሽ ትሰፋ ነበር እዚያ ውስጥ። መጨረሻውን ልብ ብለሽ ሰምተሻል? የመጨረሻው ድምፅ ሊጠፋ ሲል ከሩቅ ማዛጋት የመሰለ ነገር አለ። አንቺ ነሽ። ነቃሽ። ቀጂው ተበላሸ፣ እንድገመው ሲል እናትሽ «ምን ያበላሻል? እሷም ትግባ» አለችው። ሠላሳ ዓመት ረስቼው ነበር።

ለረጅሙ ስለ ጣቶቼ ነገርኩት፣ በዚያችው ሃምሳ ቃላችን። ከዚያ ወዲህ አንሶላውን ለበሽተኛ እንደሚያቀብል ሰው ቀስ እያለ ያቀብለኝ ጀመር። ሁለት ቀን ታገስኩትና ጮህኩበት። አሁን ደህና ሆነናል። ከእሱ ቀጥሎ የነገርኩት ላንቺ ነው።

ለእናትሽ አትንገሪ። ያን ጊታር የገዛችልኝ አንድ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ ነው። ለሬዲዮው ሰውዬ እምቢ አለ በይው። በእኔ ተናዶ ካሴቱን ማሰማቱን ከተወ ይተው።

አጎትሽ


ግንቦት 2

ለአጎቴ፣

እንደምን ነህ? እኔ ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ እንጃ።

አልነገርኳትም፤ እምልልሃለሁ። ወጥ ቤት ቆሜ አንብቤ ስጨርስ ግን ስታየኝ ፊቴ ሌላ ሆኖ ነበር። ወረቀቱን አልጠየቀችኝም። «እጁ ነው አይደል?» አለችኝ። ይህን ብቻ ነው ያለችው።

ከዚያ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ሳበች። ከክርና ከአዝራር ሥር ፎቶህን አወጣች፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የላክኸውን። ጊታሩን ጭንህ ላይ አድርገህ ፈገግ ብለሃል። እኔ መቶ ጊዜ አይቼው ምንም አልታየኝም። እሷ በመርፌዋ ጫፍ አሳየችኝ፤ በጊታሩ አንገት ላይ ሁለት ጣት ብቻ ነው ያለው። ሁለቱ ገብተው ተደብቀዋል። ከፎቶው ሥር ደግሞ ካሴቱ አለ፣ የጠፋው፣ የእኛው።

ለሬዲዮው ሰውዬ ምንም አልነገርኩትም። የአንተ ስለሆነ አንተ ትነግረዋለህ ወይም አትነግረውም።

ከዚህ በታች ያለውን የጻፈችው እሷ ናት። ሦስት ቀን ፈጀባት። እኔ አንዲት ፊደል አላረምኩም።

ወንድሜ ጭራሮ፣

ጽሕፈቴ አያምርም፣ ታገሰኝ። ፎቶው የመጣ ዕለት ነው ያወቅሁት። እጅህን እኔ አላውቀውም እንዴ። በስልክ ስጠይቅህ ደህና ነው ትላለህ። መናገር ካልፈለገ አላስጨንቀውም ብዬ ተውኩህ። ካሴቱን የደበቅሁት እኔ ነኝ። ስሰማው ጣቶችህ ይታዩኛል። አንተ እኔ እንዳላዝን፣ እኔ አንተ እንዳታፍር፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት አለፈን።

አንድ ያልነገርኩህ አለ። እናታችን የሞተች ጊዜ ሰባት ዓመትህ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ አልተናገርክም። አንድ ቃል። የጎረቤት ጊታር ስትነካ አንድ ቀን ሳቅህ። እንድትታወቅ ብዬ አይደለም የገዛሁልህ። ወንድሜ ይናገርልኝ ብዬ ነው። አሁን አፍ አለህ። ተናገር።

እታለም


ሰኔ 20

ለጡሩምባዬ፣

ለአንቺም ለእታለምም ጤናና ሰላም እመኝላችኋለሁ። ዝግጅቱን ሰምታችኋል፤ ስለዚህ የማታውቁትን ብቻ ልጻፍ።

የሰውዬውን ስልክ ካንቺ የተቀበልኩ ጊዜ ልነግረው የፈለግሁት እንደማልቀርብ ነበር። ድምፁን ስሰማ ግን የእታለም ጽሕፈት ትዝ አለኝና «የሚሉት ቀን ይሁን፤ የምለውንም ያን ቀን እላለሁ» አልኩት። አላስገደደኝም።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ውስጥ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ደረጃው ላይ ሰዎች ዕቃ ሲያወጡ ይሰማል፣ ማዶ አንዲት ሴትዮ መስኮት ትወለውላለች። እዚህ ሕንፃ ውስጥ አንድም ሰው በዚያች ሰዓት ምን እየሆነ እንደሆነ አያውቅም። አንቺ ስለ ሁለተኛው ዜማ ስትናገሪ በስልኩ ውስጥ ሰማሁሽ። ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው የምትመለሰዋን ክር አነሳሽ። ያን ስቀዳ እንደዚያ እያሰብኩ አልነበረም። አሁን ግን ሌላ ትርጉም ላገኝለት አልችልም።

ከዚያ ተራዬ ደረሰ። «ዛሬም ይጫወታሉ?» አለኝ።

«አልጫወትም» አልኩት። «እጄ እምቢ ካለኝ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።»

እናንተ ስንት እንደቆጠራችሁ አላውቅም። ሬዲዮ ላይ እንዲህ ያለ ዝምታ የሚፈቀድ አይመስለኝም ነበር። ሰውዬው ግን አልሸፈነውም። ቆይቶ «ታዲያ ይህን ካሴት ሲሰሙ ምን ይላሉ?» አለ።

የተናገርኩትን ሰምታችሁታል፤ «ልጁ ጥሩ ይጫወታል። ይቸኩላል እንጂ ጥሩ ይጫወታል። ያስተማረው ሰው አልነበረም፤ የሚሰማው ሰው ግን ነበረው።» አስቤበት አልነበረም። ከተናገርኩት በኋላ ነው እውነት መሆኑን ያወቅሁት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከአልጋው ተነሳሁ። ደስታ አልነበረም። ብዙ ዓመት ተሸክመሽ የኖርሽውን ነገር ስታስቀምጪ ክንድሽ ባዶ ይሆናል፣ የት እንደምታደርጊው አታውቂም፤ እንደዚያ ነው። ከዚያ ለእታለም ደወልኩ። እንደ ሁልጊዜዋ «እጅህ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«አይሠራም» አልኳት።

«እሺ» አለች። ቀጥላ «ሌላውስ?» አለችኝ።

ሌላውስ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፣ ጡሩምባዬ። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ክፍሌ እንደሚበርድ ነገርኳት። ቆሜ እንደምበላ፣ ሁለት ሰሃን ብቻ እንዳለኝ፣ አንደኛውን እንደማልጠቀምበት ነገርኳት። ረጅሙ እሁድ ቤቱ ምሳ ጠርቶኝ ልጆቹ ስሜን ለመጥራት እየሞከሩ በሳቅ እንደሞቱ ነገርኳት። ስለ መተኮሻ ማሽኑ በዝርዝር ጠየቀችኝ፤ ሙቀቱን፣ ጠርዙ እንዴት እንደማይታጠፍ። የሙያዋ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ አወራን፤ መስመሩም አልተቋረጠም።

ሐኪሟ ዘንድ እንደገና ቀጠሮ ይዣለሁ። የተለየ ነገር ጠብቄ አይደለም፤ ብቻዬን መሆኔን ልተው ብዬ ነው። እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው የሚያወሩበት ቦታ አለ ብላኛለች። አንዲት ፒያኖ ተጫዋች፣ አንድ ሰዓት ጠጋኝ። እሄድ ይሆናል።

ፈቃድ ጠይቄ ሦስት ሳምንት ሰጥተውኛል፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። ጊታሩን አላመጣም። የሬዲዮው ሰውዬም ባለጥርሱም ደግ ሰዎች ናቸው፤ ኋላ አገኛቸዋለሁ፣ ሊቀበሉኝ ግን አይውጡ። እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ኑ፤ እታለም ጉልበቷ ካመማት አንቺ ብቻሽን ነይ። ሃያ አምስት ዓመት አልፏልና ላትለዪኝ ትችያለሽ፤ ራሰ በራ ሆኛለሁ፣ ቅጥነቴ ግን ያው ነው።

ጎረቤት ማን ነው የሚመጣባችሁ ብሎ ከጠየቀሽ፣ የጊታሩን ነገር ተይውና የእናቴ ወንድም ነው በይ።